ጳጉሜን የማን ናት?

ሱሉልታ በምሠራበት ክሊኒክ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም። ሐኪሟም፣ ጥበቃውም፣ ከጫንጮ ማዶ የሚመጡት ታካሚዎችም «መምህር» ይሉኛል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥንት ጽሑፎችን አያያዝና አመዘጋገብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተፍቆ በላዩ ሌላ የተጻፈበትን ብራና፣ በኅዳግ ላይ በቀጭን ብዕር የተጨመረችውን ማስታወሻ፣ ከሌላ እጅ የገባችውን አንዲት ቃል ለይቶ ማንበብ እንጀራዬ ነበር። ያነበብሁትን መናገር ግን አልችልበትም ነበር።

የዚህን ምክንያት በአጭሩ ልናገር፤ ያለዚያ የሚከተለው አይገባም። ጡረታ ከመውጣቴ ከዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬን ከሥራው ያሰናበተ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ። በስብሰባው ላይ ያልተባለ ነገር እንደተባለ ሆኖ ሰፍሮ ነበር። ወረቀቱ በጠረጴዛው ዙሪያ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እኔ ዘንድ ሲደርስ አነበብሁት፤ ሐሰት መሆኑን አወቅሁ፤ ፈረምሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በየስብሰባው የተናገርሁት ቃል ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። ሰዎች አስተዋይ ነው ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ምን እንደሆንሁ አውቃለሁ።

ከጡረታ በኋላ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሰብለ የካርድ ክፍሉን እንዳደራጅላቸው ጠየቁኝ። እሺ አልሁ፤ ወረቀት ዝም ለሚል ሰው ጥሩ ጓደኛ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይግባ ተባለ። ሲስተሙን የሚያቀርበው ድርጅት ቢሮው ቡራዩ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሥራ አስኪያጁን ናሆም እለዋለሁ። ሰውየውን ያገናኛቸው የዶክተር የማኅበር እኅት ስለነበረች ፊርማው የተፈጸመው እንደ ቤተ ዘመድ ግብዣ ነው። ኬክ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ውሉ ከኬኩ ሳህን አጠገብ ተቀመጠ። እኔ እማኝ ነበርሁ።

ሌሎቹ ሲሣሣቁ ገጾቹን አገላበጥሁ። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እንዲህ ይላል፦ «ውሉ ጸንቶ ባለበት ጊዜ ውል ተቀባይ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ ውል ሰጪ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ የውል ተቀባይን መረጃ በሙሉ በሚነበብ መልክ ያስረክባል።» ጸንቶ ባለበት ጊዜ። ከዚያ በኋላስ? ስለ በኋላው አንድም ቃል አልነበረም። ውሉ ባለቀ ማግሥት የታካሚዎቹ ታሪክ የማን እንደሚሆን ወረቀቱ ዝም ብሏል። እኔም ዝም አልሁ። እንግዳ ኬክ ይዞ መጥቶ፣ አስተዋዋቂዋ እኅት አጠገቤ ተቀምጣ «ይቺ አንቀጽ አላማረችኝም» ማለት የእርሷን እንግዳ ሌባ ከማለት ተለይቶ አልታየኝም። ፈረምሁ። በሁለተኛው ዓመትም ያው ውል ቀኑ ብቻ ተለውጦ «ከመስከረም አንድ ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት የጸና ነው» ተብሎ ሲታደስ ፈረምሁ።

ይህ እንግዲህ የእኔ ድርሻ ነው።

የጳጉሜን አንድ ጠዋት ዝናቡ ከእንጦጦ ጀርባ ተነሥቶ ሱሉልታን ይዟት ነበር። ካርድ ክፍል ስገባ ዘሃራ ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ አገኘኋት። ዘሃራ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ናት፤ ቤተሰቧ በከተማው ገበያ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ አንደበቷ ስለታም ነው።

«መምህር፣ ይሄ ነገር ዛሬ አኩርፏል» አለችኝ። «ፓስወርዴን ሦስት ጊዜ አጎረስኩት፤ ሦስቴም ተፋው።»

ጎንበስ ብዬ አነበብሁ። «የአገልግሎት ጊዜዎ ተጠናቋል። እባክዎ ውልዎን ያድሱ» ይላል።

«ደውዪላቸው።»

«ደወልኩ። ‹አቶ ናሆም ወደ እናንተ እየመጡ ነው› አለችኝ ልጅቷ። ሳንጠራቸው!»

ይህን ስትለኝ ኦቦ ገመቹ በሩ ላይ ቆመው ካባቸውን ያራግፉ ነበር። ከጫንጮ አልፎ ካለ ቀበሌ የሚመጡ ገበሬ ናቸው። ከኋላቸው ልጃቸው ቆማለች። ስሟን ለውጬዋለሁ፤ ለሊሴ ልበላት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ገመቹ» አለች ዘሃራ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ነጋ፤ ደኅና ነን። መድኃኒቷ ካለቀ ሁለት ቀኑ ነው፣ ልጄ። ወንዙ ሞልቶ መንገድ ከለከለን።» ከደረት ኪሳቸው አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ፖስታ አወጡ። ዝናብ በልቷት ጽሑፏ ወደ ሰማያዊ ጭቃ ተለውጧል። «ስሙ እዚህ ላይ ነበር።»

«እኔ ስሙን ባላውቅም ቁጥሬን አውቃለሁ» አለች ለሊሴ እየሣቀች። «ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት። አባዬ የላሞቹን ስም ነው የሚያውቀው። መምህር፣ እርስዎ እንኳ እንዳይረሱት።»

አልረሳም አልኋት።

ዶክተር ሰብለ ታሪኩን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ካርድ ክፍሉ አስገብተውኝ በሩን ዘጉት። «መምህር፣ ይቺን ልጅ ስትጀምር የያዛት እዚህ ከእኔ ጋር ይሠራ የነበረው ሐኪም ነው፤ አሁን አገር ውስጥ የለም፤ ስልኩም አይሠራም። ሁለት መድኃኒት ሞክሮላታል። አንደኛው ቆዳዋን አቃጥሎ ለሞት አድርሷት ነበር። ሁለተኛው ተስማማት። የቱ የቱ እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው።» በጣታቸው ወደ ኮምፒውተሩ አመለከቱ። «አባትዬው ክኒኑ ነጭ ነው ይላሉ። ሁለቱም ነጭ ናቸው።»

የወረቀት ካርድ አልነበራትም። እርሷ ስትመጣ ወረቀት ቀርቶ ነበር።

ናሆም አራት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ አዲሱ ውል ታትሞ፣ ሦስት ቅጂ ሆኖ፣ ፊርማ የሚቀመጥበት ሥፍራ በቢጫ ወረቀት ተለይቶ በእጁ ነበር። ሲስተሙ መዘጋቱን ካወቅን ገና ሁለት ሰዓቱ ነው።

«ዶክተርዬ፣ እኔ እኮ አይደለሁም የዘጋሁት፤ ሲስተሙ ራሱ ነው» አለ ዶክተር ቢሮ ገብቶ ወንበር ስቦ። «ዓመቱ ነሐሴ ሠላሳ ላይ ሞላ። አንዴ ትፈርሚልኛለሽ፣ በአምስት ደቂቃ ይከፈታል።»

ውሉን ወሰድሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ መምህር ወረቀት ይወዳል፣ ይገላብጥ፣ ዝም ይላል። የሦስት ዓመት ውል ነው። አንቀጽ ዘጠኙ ግን ሌላ ነው፤ የቀድሞው ወጥቶ በሥፍራው «መረጃው በውል ሰጪ ቁጥጥር ሥር ይቆያል» የሚል ገብቷል። አንድ ሰው ብራናውን ፍቆ በላዩ ጽፎበታል። ይህን ዓይነት እጅ አውቀዋለሁ፤ በእርሱ ላይ ትምህርት ስሰጥ ኖሬአለሁ።

ዶክተር ብዕራቸውን አወጡ። «መምህር፣ እማኝ ሆነው ይፈርሙልኝ። ልጅቷን ላክም።»

«አልፈርምም» አልሁ።

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ዘሃራ በበሩ መስኮት አንገቷን አስገባች።

«ምን አሉ?» አሉኝ ዶክተር።

«አልፈርምም። እርስዎም እንዳይፈርሙ እለምንዎታለሁ። ይህን ከፈረሙ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባትም፣ ከእርሷ በፊትና በኋላ ያሉትም የእርስዎ ታካሚዎች አይደሉም። በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ በር ላይ ቆመው የሚለምኗቸው ይሆናሉ።»

ዶክተር ሰብለ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «መምህር! ልጅቷ እዚያ ተቀምጣለች! በሽታው ቢጥላት የእርስዎ አንቀጽ ይይዛታል? ዛሬ ነው መናገር ያማረዎት?»

«ዛሬ ነው» ያሉት ቃል ዘልቆ ገባ። የእኔ ቃል ግን አንዴ ወጥቷል።

«ውሉ አላለቀም» አልሁ። «የአንድ ዓመት ውል ነው፤ ከመስከረም አንድ ጀምሮ። ዓመቱ የሚያልቀው ጳጉሜን ስታልቅ ነው። ዛሬ ጳጉሜን አንድ ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የቀድሞው አንቀጽ ዘጠኝ የእኛ ነው፤ በጽሑፍ ከጠየቅን በአንድ የሥራ ቀን ሊያስረክቡን ግዴታ አለባቸው።»

ናሆም ሣቀ። ሣቁ ክፉ አልነበረም፤ ልጅ ሲንተባተብ እንደሚሣቅ ነው። «አባቴ፣ አሥራ ሁለት ወር ከፍላችኋል፣ አሥራ ሁለት ወር ተጠቅማችኋል። ጳጉሜን ላይ ማን የከፈለ አለ? ሒሳብ የሌለበት ቀን ምን ቀን ነው?»

«እርስዎ በጳጉሜን ደመወዝ ይቀበላሉ?»

«ማን ይቀበላል!»

«ዛሬ ግን ሥራ ላይ ነዎት።»

ከመስኮቱ የዘሃራ ድምፅ መጣ፦ «አቶ ናሆም፣ አባቴ ገበያ መሐል ሦስት ክፍል ያከራያል። ጳጉሜን ኪራይ ተቀብሎ አያውቅም። ግን ተከራዩን ነሐሴ ሠላሳ ላይ ዕቃውን ዝናብ ላይ አውጥቶ መስከረም አንድ ‹ና ግባ› ቢለው፣ ወላሂ፣ ከገበያው ይባረራል!»

ኦቦ ገመቹ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ሆነው ሲሰሙ ኖረዋል። «እኔስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ላሜ ጳጉሜን አትታለብም?»

ዶክተር ሰብለ አልሣቁም። መስኮቱ ጋ ሄዱ። ከዚያ ሳይዞሩ ተናገሩ። «ልጅቷን አስተኝቼ ለጊዜው በሚያረጋጋት መድኃኒት ልይዛት እችላለሁ። እስከ ነገ ዐሥር ሰዓት። ከዚያ ካለፈ እፈርማለሁ፣ መምህር። እርስዎ ባይፈርሙ ጥበቃው እማኝ ይሆንልኛል።»

ናሆም ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። «ቡራዩ ቢሮ ነገ ጠዋት ይምጡ፣ አባቴ። ደብዳቤዎን ይዘው ይምጡ» አለኝ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞር አለ። «ዝናብ ላይ እንዳይንከራተቱ ብዬ ነው እንጂ የሚመጣ ነገር የለም።»

ደብዳቤውን በዚያው ከሰዓት ጻፍሁት፤ አንድ ገጽ ናት። ዶክተር ሳያነጋግሩኝ ፈረሙ፣ ማኅተሙንም መቱ። ዘሃራ ወጪ አድርጋ ቁጥር ሰጠችው።

በማግሥቱ በአዲሱ ገበያ በኩል ወርጄ፣ በአስኮ ወጥቼ፣ በሦስተኛው ታክሲ ቡራዩ ደረስሁ። ቢሮው በአምቦ መንገድ ዳር ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ስከፍት የመጠበቂያው ክፍል ሞልቶ አገኘሁት። ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በጭናቸው ላይ አንድ የውል ፋይል ይዘዋል።

ጸሐፊዋ ደብዳቤዬን በሁለት ጣቷ ያዘችው። «ሥራ አስኪያጁ ሳያዩት ገቢ ማድረግ አልችልም፣ አባባ።»

«ገቢ የሚደረገው እንዲያዩት ነው።»

«እንደዚያ ነው የታዘዝኩት። ይቀመጡ።»

ተቀመጥሁ። አጠገቤ ሐጂ ኑረዲን የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ከሰበታ የመጡ፣ ዱቄትና ዘይት በጅምላ የሚያከፋፍሉ። «እርስዎንም ዘጉብዎት?» አሉኝ ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ። «እኔ ትናንት መጋዘኔ መሐል ቆሜ መጋዘኔ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም! ሾፌሩ ‹ስንት ልጫን?› ይለኛል፤ እኔ ግድግዳ አያለሁ። ሰባት ሰዓት ሙሉ መኪናውን አቁሞ የመቆሚያውን አስከፈለኝ።» ወዲያ ማዶ ከዓለም ገና የመጣች ርእሰ መምህርት ነበረች፤ የተማሪዎቿ ውጤት በሙሉ እዚያው ተቆልፏል። ሁሉም ሊፈርሙ ነው የመጡት። ሐጂ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ይዘዋል።

እኔ ምን አደረግሁ? ዝም አልሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። የራሴን ደብዳቤ ገቢ ካስደረግሁ የእነርሱ ጉዳይ የእነርሱ ነው አልሁ ለራሴ። ስማቸው እየተጠራ ሁለት ሰዎች ገቡ፤ ፈርመው ወጡ። በመውጫው ላይ ፊታቸው የቀለለ ይመስል ነበር። ቃለ ጉባኤውን ፈርሜ ስወጣ የእኔም ፊት እንዲያ ሳይሆን አይቀርም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። ዶክተር ሰብለ ናቸው።

«አሁን ጣላት» አሉኝ። «ለሁለት ደቂቃ ያህል። ተረጋግታለች፤ ተኝታለች። መምህር፣ እንደገና ቢደጋግማት እዚህ ልይዛት አልችልም። ከሁለቱ አንዱን መርጬ ልስጥ እያልኩ ነው። ይንገሩኝ፣ ምን ላድርግ?»

«እስከ ዐሥር ሰዓት ብለውኛል፣ ዶክተር።»

«ብያለሁ» አሉና ዘጉት።

ያን ጊዜ «ሐጂ ኑረዲን፣ ይግቡ» ተባለ። ሐጂ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። ማን እንዳስነሣኝ አላውቅም።

«ሐጂ፣ አንድ ጊዜ ይቁሙ» አልሁ። «ሁላችሁም ውላችሁን አውጡ። አንቀጽ ዘጠኝን ግለጡ።»

ሰው ሁሉ አየኝ። የክሊኒኩን ውል ቅጂ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ማንበብ ጀመርሁ። ከማስተማሪያ ክፍል ውጭ ሕይወቴን ሙሉ ያነበብሁት በዝምታ ነው፤ በአደባባይ ድምፅ አውጥቼ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አንቀጹን እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ከዚያ የዘመኑን አንቀጽ፦ «ከመስከረም አንድ ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት የጸና ነው።»

«ዛሬ ጳጉሜን ሁለት ነው» አልሁ። «ዓመቱ አላለቀም። አሥራ ሦስት ወር ያለው አገር ውስጥ ተቀምጠን አሥራ ሁለቱን ብቻ ቆጥረውብን ነው። ዛሬ በጽሑፍ የጠየቀ መረጃውን ያገኛል። ያንን አዲስ ወረቀት የፈረመ ግን ይህን መብት በገዛ እጁ ይሰርዛል፤ እዚያ ውስጥ አንቀጽ ዘጠኝ ተለውጧል።»

«ያቺን የመጨረሻዋን ይድገሙልኝ» አሉ ሐጂ።

ደገምሁላቸው። ርእሰ መምህርቷ ሁለቱን ውሎች ጎን ለጎን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ ትከታተል ነበር። «እውነት ነው» አለች ቀና ብላ። «ለውጠውታል።»

ሐጂ ኑረዲን ብዕራቸውን ከደኑ። «ጳጉሜን ቀን ካልሆነች» አሉ፣ «ትናንት ያ ሾፌር ያስከፈለኝ የምን ቀን ነው?» ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ንጹሕ ወረቀት አለሽ? ብዙ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ይደንቀኛል። ሰዎቹ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ፣ አንዱም በሌላው ጀርባ ላይ ወረቀት ዘርግተው ጻፉ። እኔ አስጻፍኋቸው። «በውሉ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት...» እያልሁ፣ ቃል በቃል፣ ክፍል ውስጥ እንደነበርሁበት ዘመን። የያዙትን ማኅተም መቱ፤ ያልያዙት ፈረሙ። ስድስት ደብዳቤ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ፤ የእኔ ሰባተኛ።

ናሆም ድምፅ ሰምቶ ወጣ። «አባቴ፣ ሰው እየበጠበጡብኝ ነው።»

«እያነበብሁ ነው።»

«ክርክር ካላችሁ ፍርድ ቤት አለ።»

«እንሄዳለን። ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀን ‹መቼ ጠየቃችሁ?› ብሎ ነው። ስለዚህ ገቢ አድርጉልን። ዛሬ፣ በዛሬ ቀን፣ በቁጥር። አንቀበልም ካላችሁም አንቀበልም ብላችሁ ጻፉልን፤ እነዚህ ሁሉ እማኝ ናቸው። እኔም አለሁበት፤ ሁለት ጊዜ እማኝ ሆኜላችኋለሁ፤ ሦስተኛውን በእናንተ ላይ እሆናለሁ።»

ሐጂ ብዕራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ናሆም ልጄ፣ ሰበታ ላይ ይህን ሲስተም ለአሥር ሱቅ አውርቼ ያስገባሁልህ እኔ ነኝ። ያው አፌ አሁንም ከእኔ ጋር ነው።»

ናሆም ገባና በሩን ዘጋ። በግድግዳው በኩል በስልክ ሲነጋገር፣ ድምፁ ከፍ ሲል፣ ከዚያም ዝቅ ሲል ሰማን። ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ተኩል አልፏል። ሲወጣ ኮቱን አውልቆ ነበር። ለጸሐፊዋ «ገቢ አድርጊው» አላት። «ሁሉንም።»

«የእኛ አንድ የሥራ ቀን አይጠብቅም» አልሁት። «ትናንት የተቀመጠችውን ልጅ አይተዋታል። አሁን ጥሏታል።»

አየኝ። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ ያየሁትን እመሰክርለታለሁ፤ ደነገጠ። ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። መረጃውን ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሲሰጠኝ አልተነሣሁም።

«እዚሁ ከፍተን ሳናየው አልረከብም» አልሁ። ፋይሉን ከፈተልኝ። ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባትን ፈለግሁ። ነበረች።

ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለዶክተር ደወልሁ፤ የታካሚ ታሪክ በሰው መሐል አይነበብም። የመድኃኒቶቹንም ስም እዚህ አልጽፍም። «የመጀመሪያው ነው ያቃጠላት፣ ዶክተር» አልኋቸው። «‹ዳግም እንዳይሰጣት› ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። የተስማማት ሁለተኛው ነው፤ መጠኑን ላንብብልዎ።» አነበብሁ። ደግመው አስነበቡኝ።

«እኔ መጀመሪያውን ልሰጣት ነበር» አሉኝ። «ክኒኑ በእጄ ነው።»

የርክክቡን ሰነድ በሁለት ቅጂ ፈርሜ፣ ሰዎቹን ተሰናብቼ ወጣሁ። ናሆም እስከ ደረጃው ሸኘኝ። ዝናቡ አቁሞ ነበር። «አባቴ» አለኝ፣ ያለ ቁጣ፣ የእውነት ሊያውቅ ፈልጎ፣ «ይህን ያህል ከገባዎት፣ ያን ዕለት ኬክ ስንቆርስ ለምን አልተናገሩም? እናስተካክለው ነበር እኮ።»

መልሱን እስከ አስኮ ድረስ፣ ከአስኮም እስከ ሱሉልታ ድረስ ፈለግሁለት፤ አላገኘሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የድል ወሬ መስሎዎት ከሆነ ልመልስዎ። ለሦስት ወር በወረቀት ካርድ ሠራን፤ ዘሃራ ጣቷ በቀለም ተበላሽቶ በየቀኑ ረገመችኝ። ዶክተር ሰብለ አመሰገኑኝ፤ በዚያው አፋቸው «ያኔውኑ ቢነግሩኝ ኖሮ» አሉ፤ ሁለቱም ይገባኛል። ለሊሴ ቁጥሯን አልረሳሁምና «ጳጉሜን በእኔ ስም ትመዝገብ» ብላ ትቀልዳለች። በኋላ ሌላ ድርጅት ሌላ ሲስተም ሊሸጥልን መጣ፤ ኬክም ይዞ ነበር። ኬኩን ኩሽና አስቀመጥነው። ዘሃራ ውሉን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ድምፅ አውጥታ አነበበች። ሰውየው ሰዓቱን ቢያይ ቢያይ አልቸኮለችም። የምንለያይበትን ቀን ስንዋደድ ሳለን ጻፍነው፤ ውሉ ቢያልቅም መረጃው የክሊኒኩ መሆኑን፣ ዓመት ሲባል ጳጉሜንን ጨምሮ መሆኑን፣ በየወሩ አንድ ቅጂ በእጃችን እንደሚሰጠን። ሰውየው አልተቀየመም። ለአርባ ዓመት ያህል ስፈራው የኖርሁት ቅያሜ፣ ኖሮ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ንባብ ነበር።

እርስዎም ሱቅ ወይም ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ካለዎት ከሻጩ ፊት ለማንበብ አይፈሩ። በትሕትና የሚያልፉትን አንቀጽ አንድ ቀን ሌላ ሰው በአልጋ ላይ ተኝቶ ይጠብቀዋል።

የናሆም ጥያቄ ግን አልተወኝም። ባለፈው የካቲት አንድ ደብዳቤ ጻፍሁ። ለቀድሞ ዩኒቨርሲቲዬ ነው። በእንዲህ ያለ ቃለ ጉባኤ ላይ ፊርማዬ እንዳለ፣ የተጻፈው በስብሰባው ላይ እንዳልተባለ፣ ይህንንም አንብቤና አውቄ እንደፈረምሁ ገልጬ፣ ይህ ደብዳቤ ስሙ ከጎደፈው ባልደረባዬ ፋይል ጋር እንዲያያዝ ጠየቅሁ። ራሴ ይዤው ሄድሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት አነበበችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ይህ እኮ በእርስዎ ላይ ነው የሚመሰክረው።»

«አውቃለሁ» አልኋት። «ገቢ አድርጊልኝ።»

እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ቅጂው ግን ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ማኅተምም፣ ቀንም፣ ቁጥርም አለው።